ስለ .45 ኮልት ጥይት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በተኩስ ልምምድ ቦታ ሪቮልቨር ይዤ ስቆም በአጠገቤ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፤ ዐሥራ ሰባት ጥይት የሚጎርስ ዘመናዊ ሽጉጥ በየሱቁ ሞልቶ ሳለ በ1873 የወጣ ጥይት ለምን ይመረጣል? ከዚህ በታች ያሉት መልሶች ለዚህ ጥያቄና እርሱ ለሚያስከትላቸው ሌሎች ጥያቄዎች የተጻፉ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። «ከበሮ» የምለው የሪቮልቨሩን ተሽከርካሪ ጥይት መያዣ፣ «ቀለህ» የምለው ባሩዱን የሚይዘውን የናስ ቅርፊት፣ «እርሳስ» የምለው ደግሞ ከአፈሙዙ ወጥቶ ወደ ዒላማው የሚሄደውን ክፍል ነው።

.45 ኮልት የሚባለው የትኛው ጥይት ነው?

ቁጥሩ የእርሳሱን ስፋት በኢንች መቶኛ የሚገልጽ ሲሆን፣ በሚሊ ሜትር ሲለካ 11.5 ያህል ይሆናል። ቀለሁ 32.6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ጎኑ ቀጥ ያለ ነው፤ ከታች በኩል ደግሞ ከበሮው ላይ የሚያርፍበት ቀጭን ጠርዝ አለው። ከጥንት ጀምሮ የታወቀው እርሳስ 255 ግሬን ይመዝናል፤ ይህም 16.5 ግራም ነው። በመጀመሪያው አሠራር ቀለሁ ውስጥ 40 ግሬን፣ ማለትም 2.6 ግራም፣ ጥቁር ባሩድ ይጠቀጠቅ ነበር። የዚያ ዘመን ሪቮልቨር በአገራችን «ስድስት ጎራሽ» ከምንለው ሽጉጥ ወገን ነው፤ ሆኖም ስድስቱን ጥይት ሁሉ መሙላት በዚህ መሣሪያ ላይ አደጋ ያለው በመሆኑ ወደ ኋላ ራሱን በቻለ ጥያቄ እመለስበታለሁ።

ጥይቱ እንዴት ተፈጠረ?

የከበሮ ቀዳዳዎችን ከፊት እስከ ኋላ ዘልቀው እንዲያልፉ አድርጎ ባለ ቀለህ ጥይት ከኋላ ማጉረስ በሮሊን ዋይት ስም የተመዘገበ የፈጠራ መብት ነበር፤ በዚህ መብት የመጠቀም ፈቃድ የያዘውም ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው የመሣሪያ ኩባንያ ብቻ ነበር። ስለዚህ መብቱ በ1869 እስኪያበቃ ድረስ ተፎካካሪው የኮልት ኩባንያ ባሩዱና እርሳሱ ከፊት በኩል ለየብቻ የሚጠቀጠቁባቸውን ሪቮልቨሮች ሲሠራ ቆየ። መንገዱ ሲከፈት የኩባንያው መሐንዲስ ዊልያም ሜሰን «ሲንግል አክሽን አርሚ» በሚል ስም የታወቀውን ሪቮልቨር ነደፈ፤ ጥይቱም ከዩኒየን ሜታሊክ ካርትሪጅ ኩባንያ ጋር በአንድነት ተሠራ። የአሜሪካ ጦር በ1873 ሁለቱንም ተቀበለ።

ጦሩ ግን 40 ግሬን ባሩድ ለወታደሩ እጅ እንደበዛ ስላመነ መጠኑን ወደ 30 ግሬን አካባቢ አወረደው። ብዙም ሳይቆይ የሻለቃ ጆርጅ ስኮፊልድን ማሻሻያ የያዘ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨር ተጨመረ፤ የዚህ ከበሮ አጭር ስለነበረ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ቀለህ አስፈለገው። አጭሩ ጥይት በኮልቱ ከበሮ ውስጥ ይሠራል፤ ረጅሙ ግን በስኮፊልዱ ውስጥ አይገባም። አንዱ ክፍለ ጦር የአንዱን ጥይት ለሌላው መሣሪያ ሲቀበል ምን ዓይነት ችግር እንደሚፈጠር መገመት አያዳግትም፤ ጦሩም በመጨረሻ ለሁለቱም የሚሆነውን አጭሩን ማደል ጀመረ።

«ሎንግ ኮልት» ብሎ መጥራት ስሕተት ነው?

የጥይቱ ደረጃውን የጠበቀ ስም .45 ኮልት ነው። ሆኖም አጭር ወንድም በነበረው ጥይት ላይ «ረጅሙ» የሚል ቅጽል መጨመሩ ምክንያት ያለው ልማድ ነው፤ ገዢውን ከሌሎች ባለ .45 ጥይቶች ጋር ከመምታታት እስካዳነው ድረስ የሚያስነቅፍ አይመስለኝም።

ጦሩ ለምን ተወው፣ ለምንስ ወደ ስፋቱ ተመለሰ?

በ1892 የአሜሪካ ጦር ቀለል ያለ ርግጫ ያለውን .38 ሎንግ ኮልት ተቀበለ። በፊሊፒንስ፣ በተለይም ከደቡቡ ሙስሊም የሞሮ ተዋጊዎች ጋር በተደረገው ውጊያ፣ ይህ ጥይት ተደጋግሞ የተመታን ሰው እንኳ ማስቆም እንዳልቻለ የሚገልጹ ሪፖርቶች በመብዛታቸው፣ በግምጃ ቤት የተቀመጡት አሮጌ ባለ .45 ሪቮልቨሮች አፈሙዛቸው እያጠረ ወደ ግንባር ተላኩ። በ1904 የጦሩ መኮንን ጆን ቶምሰንና የጦሩ ሐኪም ሻለቃ ሉዊስ ላጋርድ በቺካጎ የከብት ማረጃ ቦታዎች በከብቶች ላይ፣ እንዲሁም በአስከሬኖች ላይ ሙከራ አድርገው፣ ለጦሩ የሚሆን የሽጉጥ ጥይት ስፋት ከ.45 ማነስ እንደሌለበት ደመደሙ።

ስለዚህ ሙከራ ያለኝን አስተያየት ሳልሸሽግ ልናገር። ሙከራው በዛሬ መለኪያ ሳይንሳዊ ሊባል የሚችል አይደለም፤ የእንስሳቱ ብዛት ጥቂት፣ አተኳኮሱም ወጥነት የጎደለው ነበር፤ በእንስሳቱ ላይ የደረሰው ሥቃይም ማንበብ የሚከብድ ነው። ስለሆነም «ቶምሰንና ላጋርድ አረጋግጠውታል» እያሉ ለዚህ ጥይት የሚሟገቱ ሰዎች ከሚያቀርቡት ማስረጃ ይልቅ እኔ በቁጥር የሚለካውን እመርጣለሁ። ውጤቱ ግን በታሪክ ላይ ከባድ አሻራ ትቷል፤ ጦሩ በ1911 ከታወቀው የኮልት አውቶማቲክ ሽጉጥ ጋር የተቀበለው ጥይት፣ .45 ኤሲፒ፣ እርሳሱ 230 ግሬን ሆኖ ፍጥነቱ ጦሩ ለአሮጌው ሪቮልቨር ሲያድለው ከነበረው ጥይት ጋር እንዲቀራረብ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

ታዲያ .45 ኮልትና .45 ኤሲፒ ተለዋዋጭ ናቸው?

አይደሉም። ኤሲፒው አጭር ነው፤ ወጣ ያለ ጠርዝ የለውም፤ የተሠራውም ለካዝና ነው። አንዳንድ ሪቮልቨሮች ለሁለቱም የሚሆኑ ሁለት ከበሮዎች ይዘው ይሸጣሉ፤ ከዚያ ውጭ አንዱን ለሌላው መሞከር አይገባም።

ዛሬ ይህን ጥይት የሚያስመርጠው ዋና ምክንያት ምንድን ነው?

ዋናው ምክንያት ሥራውን የሚሠራው በፍጥነትና በከፍተኛ የጋዝ ግፊት ሳይሆን በስፋትና በክብደት መሆኑ ነው። ይህን ለመረዳት ወደ ጥቁር ባሩድ ጠባይ መመለስ ያስፈልጋል። ጥቁር ባሩድ እንደ ዘመናዊው ጭስ አልባ ባሩድ ከፍ ያለ ግፊት ሊሰጥ ስለማይችል፣ የዚያ ዘመን ሠሪ ጥይቱን ማበርታት ሲፈልግ የነበረው አማራጭ አፈሙዙን ማስፋት፣ እርሳሱን ማክበድና ቀለሁን ማስረዘም ብቻ ነበር። .45 ኮልት የዚህ አስተሳሰብ ውጤት ነው፤ እስከ ዛሬም ጠባዩን አልለወጠም።

በአሜሪካ የስፖርት መሣሪያና ጥይት አምራቾች ተቋም ደረጃ መሠረት የ.45 ኮልት ከፍተኛ ግፊት በአንድ ካሬ ኢንች 14,000 ፓውንድ ነው። የተለመደው የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት 35,000፣ ኃይለኛው የሪቮልቨር ጥይት .44 ማግነም ደግሞ 36,000 ይደርሳል። አሁን ጉልበቱን እናስላ። አንድ የተለመደ .45 ኮልት 16.5 ግራም እርሳሱን በሰከንድ 262 ሜትር ያህል ቢወረውር 570 ጁል ገደማ ጉልበት ይሰጣል፤ 8 ግራም የሚመዝን የ9 ሚሊ ሜትር እርሳስ በሰከንድ 350 ሜትር ሲወነጨፍ 490 ጁል ነው። በጁል ሲታይ ልዩነቱ እምብዛም ነው። ክብደቱን በኪሎ ግራም አድርገን በፍጥነቱ አባዝተን ግፍትሪያውን ብናወዳድር ግን .45 ኮልት 4.3 ላይ ሲደርስ 9 ሚሊ ሜትሩ 2.8 ላይ ይቀራል፤ አሮጌው በአንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። የብረት ዒላማ ሲመታ የሚወድቅበትን ሁኔታ ያየ ሰው የዚህን ቁጥር ትርጉም ያለ ስሌት ያውቀዋል።

በዚህ ላይ ትንንሾቹና ፈጣኖቹ እርሳሶች ሥራቸውን በሚገባ የሚሠሩት ሥጋ ውስጥ ሲገቡ ተከፍተው ሲሰፉ ነው፤ መከፈታቸው ደግሞ በፍጥነታቸው፣ በአሠራራቸውና በሚያልፉበት ነገር ላይ ይመሠረታል። አፍንጫው ጠፍጠፍ ያለ የ.45 ኮልት እርሳስ ግን ከመነሻው 11.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መስፋትን አይጠብቅም፤ ከባድ በመሆኑም ጠልቆ ይሄዳል። በሽጉጥ ማደን በተፈቀደባቸው የአሜሪካ ግዛቶች በቅርብ ርቀት ድኩላ የሚያህል እንስሳ የሚያድኑ ሰዎች የሚተማመኑበትም በዚህ ነው።

ርግጫውና ድምፁ ከባድ አይደለም?

ብዙ ሰው የጥይቱን ስፋት አይቶ እጁን የሚሰብር ይመስለዋል፤ እኔም በመጀመሪያው ቀን እንደዚያ አስቤ ነበር። ከአንድ ኪሎ ግራም በላይ በሚመዝን ሪቮልቨር ሲተኮስ ርግጫው እንደ ጥፊ ድንገት የሚያርፍ ሳይሆን መዳፍን በዝግታ እንደሚገፋ እጅ ነው። የጥንቱ ኮልት እጀታ ክብ ስለሆነ መዳፍ ውስጥ እየተንሸራተተ አፈሙዙን ወደ ላይ ያነሣል፤ መዶሻውም ወደ አውራ ጣት ስለሚቀርብ ለሚቀጥለው ተኩስ ወደ ኋላ ለመሳብ ይመቻል። ይህን እንቅስቃሴ የለመደ ሰው አይታገለውም፤ አብሮት ይሄዳል።

ማግነም ስተኩስ ምላጩን ከመሳቤ በፊት ዓይኔ ይጨፈን፣ ክንዴም ይደነግጥ ስለነበር ወራት የፈጀ ልማድ አድሮብኝ ነበር። ከዚህ ልማድ የተላቀቅሁት ወደ .45 ኮልት ከተመለስሁ በኋላ ነው፤ ለዚህ ጥይት ያለኝ ፍቅርም ከስሌቱ ይልቅ ከዚያ የመነጨ መሆኑን መሸሸግ አልፈልግም። ድምፁን በተመለከተ፣ የተለመደው ጥይት ከድምፅ ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ ከ340 ሜትር ገደማ፣ በታች ስለሚሄድ ፈጣን ጥይቶች አየሩን ሲሰነጥቁ የሚያሰሙት የጅራፍ ድምፅ የለውም። ይህ ሲባል ግን ጆሮን የሚጎዳ አይደለም ማለት አይደለም። በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል ካለው ክፍተት ጋዝ ስለሚወጣ የጆሮና የዓይን መከላከያ ሁልጊዜ ግዴታ ነው።

.44 ማግነም እያለ ይህን መምረጥ ደካማውን መምረጥ አይሆንም?

በጉልበት ረገድ .44 ማግነም ይበልጣል፤ 1,000 ጁልን በቀላሉ ያልፋል። ከትልቅ ድብ ጋር ሊገናኝ በሚችልበት አገር የሚጓዝ ሰው ቢመርጠው አልከራከርም። በ25 ሜትር ላይ ወረቀትና ብረት ለሚተኩስ ሰው ግን ተጨማሪው ጉልበት የሚያገለግለው አፈሩን ለመቆፈር ብቻ ነው። ርቀቱ ሲጨምር ዝግታው ዋጋ ማስከፈሉም መታወቅ አለበት፤ በ25 ሜትር የተስተካከለ ሪቮልቨር በ50 ሜትር ከሰባት እስከ ዐሥር ሴንቲ ሜትር፣ በ100 ሜትር ደግሞ ግማሽ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። ይህ ጥይት የቅርብ ርቀት ጥይት ነው።

በአሮጌ ሪቮልቨር ኃይለኛ የ.45 ኮልት ጥይት መተኮስ ይቻላል?

አይቻልም። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ሰው ሊጎዳበት የሚችለው ይህኛው ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የሲንግል አክሽን አርሚ ከበሮ መጠኑ የተወሰነ ነው፤ ቀለሁን የሚያስገቡ ስድስት ሰፋፊ ቀዳዳዎች ሲበሱበት በየቀዳዳዎቹ መካከልና ከቀዳዳው እስከ ከበሮው ውጫዊ ገጽ የሚቀረው ብረት ስስ ይሆናል። ዕውቁ ተኳሽና ጸሐፊ ኤልመር ኪት በ1925 ከባድ እርሳስ የያዘ ጥይት በእንዲህ ዓይነት ኮልት ሲተኩስ ከበሮው ፈንድቶበታል። ከዚያ በኋላ ቀዳዳው ጠበብ፣ ግድግዳውም ወፈር ወዳለው .44 ስፔሻል ዞረ፤ ለዓመታት የተሟገተለት ኃይለኛ የ.44 ጥይትም በ1955 .44 ማግነም ሆኖ ወጣ። የ.44 ማግነም መወለድ በከፊል ከአሮጌው ኮልት ከበሮ ስስነት ጋር የተያያዘ ነው ማለት ይቻላል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሩገር የተባለው የመሣሪያ አምራች ወፍራም ከበሮ ባለው ብላክሃውክ ሪቮልቨሩ ላይ .45 ኮልትን ሲያስገባ ሁኔታው ተለወጠ። ለዚህ መሣሪያ ብቻ ተብለው የተዘጋጁ፣ ከተለመደው ግፊት በእጅጉ የሚበልጡ ጥይቶች ወደ ገበያ ወጡ። ችግሩ ቀለሁ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ ለብላክሃውክ የተዘጋጀው ኃይለኛ ጥይት በ1880 በተሠራ ኮልት ከበሮ ውስጥም ያለ ምንም ተቃውሞ ሰተት ብሎ ይገባል። መሣሪያው አይከለክልም፤ መከልከል ያለበት የሰውየው ዕውቀት ነው። የኩባንያው ስም ብቻውንም ዋስትና አይሆንም፤ በ2005 የወጣው ኒው ቫኬሮ የተባለው ሪቮልቨር የሩገር ሥራ ቢሆንም አካሉ እንደ ጥንቱ ኮልት ስለተቀነሰ ለእነዚያ ጥይቶች አልተሠራም። ከ1900 በፊት የተሠሩ ኮልቶች ደግሞ የተሠሩት ለጥቁር ባሩድ ስለሆነ ዛሬ ከሱቅ የሚገዛ ቀላል ጥይት እንኳ ባለሙያ ሳይመረምራቸው ሊተኮስባቸው አይገባም።

ቀለሁን በማስረዘም የተፈጠሩ ልጆችም አሉት። ዲክ ካሰል በ1950ዎቹ ቀለሁን በ2.5 ሚሊ ሜትር ያህል አስረዝሞ .454 ካሰልን ፈጠረ፤ የተረዘመውም ኃይለኛው ጥይት በ.45 ኮልት ከበሮ ውስጥ ጨርሶ እንዳይገባ ነው። የ.454 ካሰል ሪቮልቨር ያለው ሰው .45 ኮልትን ሊተኩስበት ይችላል፤ ተገላቢጦሹ ግን አይሠራም። ከላይ ካልሁት የቀለህ መመሳሰል ጋር ሲነጻጸር ይህ እጅግ አስተዋይ ውሳኔ ነበር።

ስድስት ጎራሽ ሆኖ ሳለ አምስት ብቻ እንዲሞላ የሚመከረው ለምንድን ነው?

በጥንቱ ኮልትና በትክክለኛ ቅጂዎቹ ላይ መዶሻው ወርዶ ሲያርፍ የመተኮሻ መርፌው በቀጥታ የጥይቱን ካፕሱል፣ ማለትም ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ክፍል፣ ይነካል። መሣሪያው መሬት ላይ ቢወድቅና መዶሻው ቢመታ ጥይቱ ሊተኮስ ይችላል። መዶሻውን በከፊል አንሥቶ የሚይዘው ጥርስም ስስ በመሆኑ ሊሰበር ስለሚችል አያስተማምንም። ስለዚህ አንድ ጥይት ይገባል፤ አንድ ቀዳዳ ይዘለላል፤ አራት ጥይት ይጨመራል፤ ከዚያም መዶሻው ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ተስቦ በጥንቃቄ ባዶው ቀዳዳ ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ሩገር ከ1973 ጀምሮ ምላጩ ካልተሳበ መዶሻው መርፌውን እንዳይነካ የሚያደርግ የብረት ማስተላለፊያ በሪቮልቨሮቹ ውስጥ ስላስገባ በእነዚያ ስድስቱንም መሙላት ይቻላል። በእጅ ያለው የትኛው ዓይነት እንደሆነ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው አምስት ይሙላ።

የከብት ጠባቂዎቹ አንድ ዓይነት ጥይት ለሽጉጣቸውም ለጠመንጃቸውም ይጠቀሙ የነበረው ይህንን ነው?

ይህ በፊልም የተስፋፋ ስሕተት ነው። በ1873 የወጣው ዝነኛው የዊንቸስተር ጠመንጃ የሚጎርሰው .44-40 የተባለውን ጥይት ነበር፤ ሁለቱንም መሣሪያ በአንድ ጥይት ማገልገል የፈለገ ሰው ሪቮልቨሩንም በ.44-40 ይገዛ ነበር። የጥንቱ .45 ኮልት ቀለህ ጠርዝ እጅግ ጠባብ ስለነበረ የጠመንጃው መንጠቆ ሊይዘው አይችልም ነበር፤ በሪቮልቨሩ ግን ባዶው ቀለህ ከፊት በዘንግ እየተገፋ ስለሚወጣ ይህ ችግር አልፈጠረም። በፋብሪካ ደረጃ ባለ .45 ኮልት ጠመንጃዎች መታየት የጀመሩት በ1980ዎቹ ነው፤ ለዚህም ገፊ የሆነው በዚያው ዘመን የተስፋፋው የከብት ጠባቂ ዓይነት የተኩስ ውድድር ነበር።

የዚህ ጥይት ጉድለቶች ምንድን ናቸው?

የመጀመሪያው ዋጋው ነው፤ በአሜሪካ ገበያ አንዱ ጥይት ከ9 ሚሊ ሜትር እጥፍና ከዚያም በላይ ያስከፍላል። በዚህ የተነሣ አዘውትረው የሚተኩሱት ሰዎች ባዶውን ቀለህ ራሳቸው ዳግም ይሞላሉ። ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ቀለሁ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ያገለግላል፤ ነገር ግን ሁለተኛው ጉድለት የሚገኘው እዚሁ ላይ ነው። ቀለሁ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ስለሆነ ዘመናዊው ባሩድ ከውስጡ ትንሹን ክፍል ብቻ ይሞላል። አንድ ሰው ተዘናግቶ ሁለት ጊዜ ቢጨምርበት እንኳ ባሩዱ አይፈስስም፤ ዓይንም በቀላሉ አይለየውም፤ ውጤቱ ግን የመሣሪያው መፈንዳት ሊሆን ይችላል። ባሩዱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ በማዘንበሉ ብቻ ፍጥነቱ ከጥይት ጥይት የሚለዋወጥበት ጊዜም አለ።

ሦስተኛው ጉድለት የልክ አለመጣጣም ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የእርሳሱ ልክ 0.454 ኢንች ነበር፤ በኋላ ወደ 0.452 ወረደ። ይሁን እንጂ የብዙ ሪቮልቨሮች ከበሮ ቀዳዳ አፍ እስከ 0.456ና ከዚያ በላይ ሰፍቶ ይገኛል። በሰፊው አፍ የሚያልፍ ጠባብ እርሳስ ጋዝ በጎኑ ስለሚያመልጥ አፈሙዙን በእርሳስ ቅሪት ያቆሽሻል፤ ዒላማውንም ይስታል። «ይህ ጥይት አይመታም» ብለው መሣሪያቸውን የሸጡ ሰዎች አውቃለሁ፤ ከበሮውን አስለክተው ልኩን እርሳስ ቢሞክሩ ኖሮ ብዙዎቹ ባልሸጡት ነበር ብዬ አምናለሁ።

ለጀማሪ ይሆናል?

በቀላል ጥይት ከተጀመረ ይሆናል። ለውድድር ተብለው የሚሸጡት ጥይቶች እርሳሳቸው 200 ግሬን ያህል፣ ፍጥነታቸውም ዝቅ ያለ ነው። በመጀመሪያው ቀን በከበሮው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ ይግባ፤ ጀማሪው ሁለቱንም እጆቹን ይጠቀም፤ ጋዝ ከሚወጣበት ከከበሮው ፊት ጣቶቹን ያርቅ። አምስት ጥይት እንዲህ አንድ በአንድ ተኩሶ ዒላማው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ከቆጠረ በኋላ ብቻ ወደ 255 ግሬኑ ይሸጋገር።